ቁጥሩ የታጠፈ ሯጭ

«ወንድሜ፣ 37ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተንበርክከህ ፎቶ ታነሳ የነበርከው አንተ ነህ?»

መልእክቱ የደረሰኝ ከውድድሩ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ከማራቶን በኋላ እንዲህ ዓይነት መልእክት ብዙ ይደርሰኛል። አብዛኛው «ፎቶዬን አላገኘሁትም» የሚል ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ያቺን ሆዴ የወጣባትን አጥፋልኝ» ይላል። አጠፋለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም። ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ምን እንደጠየቀችኝ ከመናገሬ በፊት እኔ እዚያ አስፋልት ላይ ተንበርክኬ ምን እንደምሠራ ላውራችሁ።

ሯጭ ነበርኩ። «ነበርኩ» ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ማራቶን ጨርሻለሁ፤ እሱንም አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ከዚያ ጉልበቴ በቃኝ አለ። በሚቀጥለው ዓመት የውድድሩ ቀን ሲደርስ ቤት መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። አንዲት ያረጀች ካሜራ ነበረችኝ፤ እሷን አንግቼ ወጣሁ። የላከኝም የከፈለኝም የለም። አዘጋጆቹን ቀድሜ «መንገድ ዳር ሆኜ ባነሳ ችግር አለው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «አጥሩን እስካልዘለልክ የለውም» አሉኝ። ይኸው ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሲታወስ ያሳፍራል። ፊት መሪዎቹ ብቅ ሲሉ ራሴን ሳትኩ። ሰዎቹ አንዱን ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ ነው የሚጨርሱት። ይህን በቴሌቪዥን ሳይሆን ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ ነፋሳቸው ይደርስሃል። ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳላነሳ ተኮስኩ። ስምንት ሰዎች ነበሩ። አራት መቶ ፎቶ አነሳኋቸው። በዚያ ላይ በሮው ፎርማት ነበር፣ ካሜራው ያየውን ሳያሳንስ በሚያስቀምጥበት፤ የእያንዳንዱ መጠን ከ25 ሜጋባይት በላይ። ሌላው ሕዝብ እንደ ጎርፍ መምጣት ሲጀምር ካሜራዬ «ካርዱ ሞልቷል» አለኝ። ሁለተኛ ካርድ? ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ።

እጄን አጣጥፌ ቆሜ አለፉ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች። አንዳንዶቹ ካሜራዬን አይተው ፈገግ ብለውልኛል፤ እኔም የማያነሳውን ካሜራ ዓይኔ ላይ ደግኜ ያነሳሁ መስያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያነሳኋቸውን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚያን ስምንት ሰዎች ያልቀረጻቸው ካሜራ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ በሞተር ሳይክል ከፊታቸው ነበር። ጋዜጠኞቹ ነበሩ። የእኔን ፎቶ ማንም አልፈለገውም። ካሜራ ያስፈለገው ከኋላ የመጣው ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ በማያነሳ ካሜራ ሸወድኩት።

ከዚያ ወዲህ ለፊት መሪዎቹ አጨበጭባለሁ እንጂ አላነሳም። እሺ፣ አንድ ሁለት አነሳለሁ። ለራሴ።

የምቆምበትን ቦታም ቀየርኩ። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚሄደው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። አልፈርድም፤ እጅ ወደ ላይ የሚነሳው፣ እንባ የሚፈሰው እዚያ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩ። መስመሩን ሲረግጥ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የእጅ ሰዓቱን ማቆም ነው። አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ ይጫናል። ከአራት ሰዓት ልፋት በኋላ ፎቶው ላይ የሚቀረው የኮፍያው አናት ነው።

እኔ 37ኛውን መረጥኩ። ሰውነታችን ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ አለ። ለብዙ ሯጭ ይህ ስንቅ 30ኛውና 35ኛው ኪሎ ሜትር መካከል ላይ ይመናመናል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደሌላው መንገድ አይደለም። 37 ላይ የቀረው አምስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ማቋረጥ ያንገበግባል፣ መጨረስም ገና ሩቅ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ለፎቶ ብሎ ፊቱን የሚያሳምር የለም። ፊት እንደወረደ ነው የሚመጣው።

የለም አልኩ እንጂ፣ አለ። እየተራመደ የሚመጣ ሰው ካሜራዬን ሲያይ መሮጥ ይጀምራል። ደረቱን ነፋ ያደርጋል፣ አሥር ሜትር ይሮጣል፣ አውራ ጣቱን ያሳየኛል፣ ካለፈኝ በኋላ ደግሞ ይራመዳል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። አሁን ያቺን አሥር ሜትር አከብራታለሁ። እኔም በቀኔ አድርጌዋለሁ። አንዳንዱ እኮ ጭራሽ መራመዱን ይረሳና ሮጦ ይቀራል። ዞሬ ከኋላው ሳየው ገና እየሮጠ ነው።

ስለ ካሜራው ትንሽ ላውራ፤ የሚሰለቻችሁ ዝለሉት። የካሜራው መዝጊያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት የምመርጠው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ሁሉንም ሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ነበር የማነሳው። ለፈጣኖቹ ልክ ነው። በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል የሚሄድ ሰው በዚያች ቅጽበት የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ተነስተው አየር ላይ ይታያሉ። ያምራል። አምስት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ግን በሰከንድ ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። እግሩ ከመሬት እምብዛም አይለቅም። እሱን በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ስታስቀረው የቆመ ይመስላል። ሰውየው 37 ኪሎ ሜትር ሮጦ ፎቶው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሎ ይወጣል። ይህ ግፍ ነው።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው። መዝጊያውን ወደ አንድ አርባኛ ሰከንድ አወርደዋለሁ። ከዚያ ከጎን ሆኜ ካሜራውን ከሰውየው ጋር እኩል እያዞርኩ አነሳለሁ። ፓኒንግ ይሉታል። ሰውየው ይጠራል፤ ከጀርባው ያለው አጥርና ግንብ ተለጥጦ መስመር በመስመር ይሆናል። ከአሥሩ ሰባቱ ይበላሽብኛል። የተሳኩት ሦስቱ ግን ሰውየውን ያስሮጡታል። ለቀርፋፋ ሯጭ ብዙ ፎቶ የማነሳው ለዚህ ነው እንጂ አድልቼ አይደለም። ምናልባት ትንሽ አድልቼ።

የምንበረከከውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮፍያ ያደረገ ሰው ዓይኑ ጥላ ውስጥ ነው፤ ዝቅ ብለህ ስታየው ዓይኑን ታገኘዋለህ። ዝቅ ስትል ደግሞ እግሩ ሙሉ ሆኖ ይገባልሃል። ፊት ፊት እያሉ እግር መቁረጥ የጀማሪ ስህተት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሲያሸንፍ ያነሱት ሁሉ ከወገቡ በላይ ብቻ አንስተውት ቢሆን ኖሮ አስቡት። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሚለው ቁጥር ተጽፎ ይቀር ነበር። ባዶ እግሩን ግን በወሬ ብቻ ነበር የምንሰማው። ስለዚህ ጫማ አልቆርጥም። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔ ከምቆምበት ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የውሃ ጠረጴዛ አለ። በጎ ፈቃደኞቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። አንዲት እናት ግን ሁልጊዜ አሉ። የመጀመሪያ ቀን ካሜራዬን ወደ እሳቸው ሳዞር በእጃቸው ፊታቸውን ጋረዱ። «እኔን ተወኝ ልጄ፤ የሚሮጡትን አንሳ» አሉኝ። ተውኳቸው። እስከ ዛሬ ከእሳቸው ያለኝ ፎቶ እጃቸው ብቻ ነው፤ ኩባያ የያዘ እጅ፣ ከሯጮች ትከሻ ጀርባ። ስለ ፈቃድ ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤያለሁ። የእሳቸውን ያህል ግልጽ ያደረገልኝ የለም።

ውድድሩ የአንድ ቀን ነው። ፎቶ መለየቱ ግን ሳምንቴን ይበላዋል። ዘንድሮ 3,900 ገደማ አነሳሁ። ብልሃቴ የካሜራዬን ሰዓት ጠዋት ከውድድሩ ሰዓት ጋር ማስተካከል ነው። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ፎልደር እሠራለሁ። ሯጩ 35ኛውን በስንት ሰዓት እንዳለፈ ከውጤቱ ላይ ያያል፤ ትንሽ ይደምርና ፎልደሩን ይከፍታል። የደረት ቁጥር የሚያነብ ሶፍትዌርም አለ፤ እጠቀምበታለሁ። ቁጥሩ ከተጨማደደ፣ በላብ ከረጠበ ወይ ጃኬት ከሸፈነው ግን እሱም አያነብም። ፊት የሚለየውን ሶፍትዌር እምቢ ብያለሁ። ሰው ቁጥሩን ደረቱ ላይ የለጠፈው እንዲታይ ብሎ ነው። ፊቱን ግን ለማንም መፈለጊያ ብሎ ይዞት አልመጣም።

የደበዘዙት መጀመሪያ ይጠፋሉ። ቀጥሎ «ክፉ» የምላቸው። የሚያስመልሰው፣ ሸሚዙ ከደረቱ ጋር ተፋትጎ ደም ያወጣው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያለቅሰው። መለኪያዬ ቀላል ነበር። ይህ ሰው ወንድሜ ቢሆን ይህን ፎቶ ሰው ሁሉ እንዲያየው እፈልጋለሁ? ካልፈለግሁ ይጠፋል። በዚህ ሕጌ እኮራ ነበር። ጨዋ ፎቶ አንሺ ነኝ እል ነበር።

እርግጥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ፣ ያ 42.195 ኪሎ ሜትር የሚባለው ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሮጠበት ማራቶን፣ ዶራንዶ ፒዬትሪ የሚባል ጣሊያናዊ ስታዲየሙ ውስጥ ቀድሞ ገባ። ገብቶ ግን ወደቀ። ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። በመጨረሻ ዳኞቹ ደግፈው አሻገሩት፤ በዚሁም ምክንያት ከውድድሩ ተሰረዘ። ወርቁን የወሰደው አሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ነው። የሄይስን ፎቶ ያየ ስንት ሰው አለ? የፒዬትሪን፣ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው እያጀቡት መስመሩን ሲያልፍ ያለውን ግን ዓለም ያውቀዋል። በእኔ ሕግ ቢሆን ያ ፎቶ «ክፉ» ነው። ይጠፋ ነበር።

ነገሩን ወደ ጎን ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በነጻ መስጠቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ነጻ ነገር ይጠራጠራል። «ስንት ነው?» ይላሉ። ምንም ስላቸው «አይ፣ ትልቁ መጠን ስንት ነው?» ይላሉ። ትልቁም ምንም። ምልክት የለበትም፣ ስሜ በመሃል አልተጻፈበትም። ፎቶ ሸጠው የሚተዳደሩትን አልተቃወምኩም፤ ካሜራቸውንም ሠራተኛቸውንም የሚያኖሩት በዚያ ነው። እኔ ሌላ ሥራ አለኝ። ካልሸጥኩ ደግሞ የማን ፎቶ ይሸጣል ብዬ አልጨነቅም፤ የመጨረሻዋን ሯጭ ከአንደኛው እኩል ማንሳት እችላለሁ። ይህ ቅንጦት ነው፤ አውቀዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግን ነጻ የሚለውን ቃል ስጽፍ ምን እያልኩ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። «ማንም ሰው እንደፈለገ ይጠቀምበት» ብዬ ጻፍኩ። ቸር ነኝ ብዬ። ከጥቂት ወር በኋላ አንድ ሰው ደወለልኝ። የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ፊቱን አይቷል። ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ከአናቱ ላይ የቅናሽ ዋጋ ተጽፎ። የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረውም። ይልቅ ግራ የተጋባ ነበር። «ሸጥከኝ እንዴ?» አለኝ።

አልሸጥኩትም። በነጻ ነው የሰጠሁት። ያ ደግሞ ባሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ያወጣቸው ፈቃዶች አሉ። ፎቶ አንሺው ስሜን ጥቀሱ እንጂ ተጠቀሙበት፣ ወይም ለንግድ እንዳይሆን፣ ወይም እንዳትቀይሩት ብሎ የሚመርጥባቸው ናቸው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ፈቃዱ የሚሰጠው የፎቶ አንሺውን መብት ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው በፊቱ ላይ ያለው መብት ሌላ ነው፤ የእኔ ስላልሆነ ልሰጠው አልችልም። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የሞባይል ኩባንያ ፍሊከር በሚባል የፎቶ ድረ ገጽ ላይ ለንግድ ጭምር ተፈቅዶ የተለቀቀ የአንዲት ታዳጊ ፎቶ ማስታወቂያ አድርጎት ነበር። ልጅቷ አሜሪካዊት ናት፤ ምንም አታውቅም። ቤተሰቧ ክስ መሠረተ። ያነሳት ሰው ክፋት አልነበረውም። እንደ እኔ ቸር ነበር።

ስለዚህ አሁን በቀላል አማርኛ እጽፋለሁ። ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ከሆንክ ያንተ ነው፤ አትም፣ ላክ፣ ግድግዳህ ላይ ስቀል። ሌላ ሰው ከሆንክና ማስታወቂያ ከፈለግህ መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቅ። ይጥፋልኝ ካልክ በዚያው ቀን ይጠፋል። ፋይሉ ውስጥ ያለውን፣ ፎቶው የት እንደተነሳ የሚናገረውን የጂፒኤስ መረጃም አወጣለሁ። ሕግ አዋቂ ቢያየው ይስቅብኝ ይሆናል። ሯጮቹ ግን ይገባቸዋል።

ወደ መልእክቱ ልመለስ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ብዬ መለስኩላት። «ከውሃው ጠረጴዛ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር» አለች። «አንድ ጫማዬን አውልቄ። አንተ ስታነሳኝ አይቼሃለሁ።»

አስታወስኳት። ወዲያው። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ነበር። አንድ ሯጭ ሩጫውን አቁሞ ፊቷ ተንበርክኮ ጫማዋን እያጠለቀላት፣ ክሩን እያሰረላት። ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሦስቱንም አጠፋኋቸው። ክፉ ናቸው ብዬ። ለእሷ አዝኜ።

«እኔን አልፈልግም» አለችኝ። «የፈለግሁት ሰውየውን ነው። አስነስቶኝ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል አብሮኝ ሄደ። ከዚያ እኔ ስበረታ እሱ ቀድሞኝ ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ቁጥሩ ፎቶህ ላይ ይኖራል ብዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅኩም። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩላት። አጥፍቼዋለሁ አልኩ። ደግሞ አጥፍቼ ብቻ አልተውኩም፤ ካርዱን ፎርማት አድርጌ ሌላ ነገር አንስቼበታለሁ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩት። የተመለሰልኝ የሌላ ቀን ሰማይና የድመቴ ግማሽ ፊት ነው።

ተቆጥታ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ለምን አጠፋኸው?» ብቻ አለች። «እንዳታፍሪ ብዬ ነው» ልላት ጀመርኩና ቃሉ ራሱ አስጠላኝ። ያን ቀን የሆነላትን ትልቁን ነገር እኔ ነኝ አሳፋሪ ያልኩት።

ማታውን ፎልደሮቹን ከፈትኩ። ሰውየው እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት በእኔ ፊት ማለፍ አለበት። ሰዓቱን አውቃለሁ። አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ሄድኩ። «ምን ለብሶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። አረንጓዴ ቲሸርት መሰለኝ አለች። በአሥር ደቂቃው ውስጥ አረንጓዴ የለበሱ አሥራ አንድ ወንዶች አሉ። አሥራ አንዱንም ላክሁላት። ፊቱን ታስታውሺዋለሽ ወይ ስላት አላስታውስም አለች። እያለቀሰች ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ነበር።

መልሱ በሃያ ደቂቃ መጣ። «ሰባተኛው ነው» ይላል። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«ጫማውን። ሙሉ ጊዜ ያየሁት ጫማውን ነው። የግራው ክር ብርቱካናማ፣ የቀኙ ነጭ።»

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ሰውየው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ክር የሚያስተውልበት ሰው ያለ አይመስለውም። ደግነቱ እግሩን አልቆረጥኩትም። የደረት ቁጥሩ ግን በስተቀኝ በኩል ታጥፏል፤ ያዥው መርፌ ሳይወልቅበት አልቀረም። አራቱ አኃዞች ይነበባሉ። አምስተኛው እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል።

«እንግዲህ አሥር ሰው ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩላት።

የውድድሩን ውጤት ከፍታ አሥሩንም ቁጥሮች አንድ በአንድ ፈለገች። በማግስቱ ጻፈችልኝ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አንዱ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው የጨረሰው፤ እሱ ለማንም ጫማ አላሰረም።

«ስድስት ቀሩኝ» አለች።